ባለ ቁልፏ ስልክ

መቱ ውስጥ ሰው ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው ሲባል ቡና ላይ የሚነሳው ጥያቄ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። እኔ ልጅ ሳለሁ «አገሩ ብርድ ነው ወይስ ሙቀት?» ይባል ነበር። ቀጥሎ «ዶላር በስንት ይመነዘራል?» መጣ። ዛሬ ተጓዡ ሻንጣውን እንኳ ሳይሸክፍ የሚጠይቀው «የቱን ሲም ልያዝ?» ብሎ ነው። የሚጠየቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ናይሮቢ ሁለት ጊዜ፣ ዱባይ አንድ ጊዜ ደርሼ ስለተመለስኩ በሰፈራችን የዚህ ጉዳይ ሊቅ ተደርጌያለሁ። መቼም በአገራችን አንዴ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ስለ ሞተሩም ይጠየቃል።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጎረምሶቹ የዋጋ ዝርዝር ጽፈው ይመጣሉ፤ ይኸኛው ለአንድ ጊጋ ይህን ያህል፣ ያኛው ለአንድ ደቂቃ ያን ያህል ያስከፍላል እያሉ። እኔ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «እናትህ የያዙት ስልክ ምን ዓይነት ነው?»

ይስቃሉ። «ጋሼ፣ የምሄደው እኮ እኔ ነኝ!» ይሉኛል።

የሚሄደውማ እሱ ነው። ነገር ግን የስልክ ነገር ሁለት ጫፍ አለው። ከዱባይ ወይም ከናይሮቢ በኩል ያለው ጫፍ በየወሩ የሚሻሻል፣ በማስታወቂያ ያሸበረቀ፣ ተወዳዳሪ የበዛበት ነው። በኢሉባቦር በኩል ያለው ጫፍ ግን ሁሩሙ ወይም ኖጳ ገጠር ውስጥ፣ በገበያ ቀን ከተማ ተወስዳ ቻርጅ የምትደረግ፣ ኢንተርኔት የማታውቅ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ናት። ገመድ የሚበጠሰው ደግሞ በቀጭኑ በኩል ነው።

ለነገሩ የመምረጡ ጣጣ ራሱ ለእኛ አዲስ ነው። ስልክ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለወጠ፣ ሕዝቡ ግን ስልክ ማለት ቴሌ፣ ቴሌ ማለት ስልክ ብሎ ኖረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ እስኪጀምር ድረስ «የቱን?» የሚባል ጥያቄ አልነበረም። ሌላ አገር ያለ ሰው ስልክ እንደ ሸሚዝ አማርጦ ሲገዛ እኛ እንደ ዝናብ ነበር የምንቀበለው፤ ከመጣ ተመስገን፣ ከጠፋ ደግሞ «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ነው።

የድሮውን የመቱን ቴሌ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ተራ መጠበቅ፤ ከዚያ «አዲስ አበባ፣ ሁለት ቁጥር ግቡ!» የሚል ድምፅ። የእንጨቷ ክፍል በር ቢዘጋም ውስጥ የገባው ሰው አዲስ አበባ ድረስ በጉሮሮው የሚያደርስ ይመስል ስለሚጮህ፣ ውጭ የተቀመጥነው የማንን ልጅ ማን እንዳጨ፣ የጎሬ ነጋዴ ቡናውን በስንት እንደሸጠ ሁሉን እንሰማ ነበር። ምሥጢር ያለው ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። ያን ጊዜ የእኛ አካባቢ መለያ ቁጥር 07 ነበር። በ1998 ዓ.ም. መስከረም የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ሲያድጉ 047 ሆነ። ዛሬ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም የሞባይል ቁጥር ነው። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ በ07 የሚጀምር ጥሪ ሲመጣ «ከጅማ ነው» ብለው በደስታ ያነሱታል። ማን ያርማቸዋል?

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ወደ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ክረምት አለፈ። ሲደርስም መጀመሪያ ያስቸገረን ስሙ ነበር። የስልኩ አካል «ቀፎ» ተባለ። ኢሉባቦር ውስጥ ቀፎ ሲባል ሰው ቀና ብሎ ወደ ዛፍ ነው የሚያየው። ገበሬው ቀፎውን ጫካ ወስዶ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ይሰቅልና ንብ እስኪገባለት ይጠብቃል። ታዲያ ኔትወርክ በማይይዝበት መንደር ሰው ሞባይሉንም እንደዚያው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ጥሪ እስኪገባለት ሲጠብቅ አይቻለሁ። ስሙን ያወጣው ሰው አገራችንን ሳያውቅ አልቀረም።

ወደ ተጓዡ ልመለስ። ከአገር የሚወጣ ሰው ሦስት መንገድ አለው። የራሱን ሲም ይዞ በሮሚንግ መጠቀም፣ የደረሰበትን አገር ሲም መግዛት፣ ወይም ሁለቱንም ትቶ ዋይፋይ ባለበት በኢንተርኔት መደወል። ሁሉም እንደ ሰዉ ሁኔታ ልክ ነው፤ ሁሉም እንደ ሰዉ ሁኔታ ስህተት ነው።

ሮሚንግ ብዙ ሰው በስሙ ብቻ የሚፈራው ነገር ነው። አሠራሩን ለሚጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ። ሲም ካርድህ እንደ መታወቂያ ናት፤ የየትኛው ቤት ሰው እንደሆንክ ትናገራለች። ናይሮቢ ስትደርስ የእዚያ አገር ኔትወርክ መታወቂያህን ያይና ኢትዮጵያ ወዳለው ቤትህ መልእክት ይልካል፤ «የናንተ ሰው እኔ ዘንድ ነው፣ ላስተናግደው?» ይላል። በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ውል ካለ ትስተናገዳለህ፤ ከሌለ ስልክህ የማንቂያ ሰዓት ብቻ ይሆናል። እናትህ ከሁሩሙ የድሮ ቁጥርህን ሲደውሉ ጥሪው መጀመሪያ የሚሄደው ኢትዮጵያ ወዳለው ቤትህ ነው። ቤትህም የት እንዳለህ ስለሚያውቅ ጥሪውን ወደ ናይሮቢ ያሳልፈዋል። እናትህ የሚከፍሉት ሁሩሙ ሆነው መቱ የደወሉ ያህል ነው። ከአገር ቤት እስከ ናይሮቢ ያለውን የምትከፍለው አንተ ነህ። «የተደወለልኝ እኔ፣ ለምን ከፈልኩ?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ሞልቷል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሲም ካርድ ጀርመን ውስጥ ተሠርታ ለፊንላንድ ኩባንያ የተሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የፊንላንድና የእንግሊዝ ኩባንያዎች የመጀመሪያውን የሮሚንግ ውል ተፈራረሙ። የዋጋው ነገር ግን ለብዙ ዓመት ሰውን አስለቅሷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አባል አገሮቹ ውስጥ የሚዘዋወር ሰው ልክ በቤቱ እንዳለ እንዲከፍል ደነገገ። ስለዚህ ሮም ላይ ሲም ያወጣ ዘመዳችን ስቶክሆልም ድረስ በዚያው ይነጋገራል፤ ስዊዘርላንድ ሲገባ ግን ይጠንቀቅ፣ ከኅብረቱ ውጭ ናትና። በእኛው ሠፈር ደግሞ ከአውሮፓ ቀድሞ ሴልቴል የተባለው ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን እንደ አንድ አገር አድርጎ ነበር። ጎረቤቶቻችን ይህን ሲያደርጉ እኛ ከጨዋታው ውጭ ነበርን።

ሮሚንግን እንደ ሞኝ ምርጫ የሚቆጥሩት ሰዎች የረሱት ነገር አለ። ከሁሉም መንገድ እናትየውን ምንም አዲስ ነገር የማያስተምራት እሱ ብቻ ነው። ያው ቁጥር፣ ያው ዋጋ፣ ያው አረንጓዴ ቁልፍ። ሸክሙ በሙሉ አቅም ባለው ጫፍ ላይ ይወድቃል። ለሁለት ሳምንት ስብሰባ የሚሄድ ሰው ከሆነ በዚህ በኩል ያለው ጥቅም ከወጪው ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ። ግን ሁለት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፣ አገልግሎቱ በቁጥሩ ላይ መከፈቱን ከአገር ሳይወጣ ይጠይቅ፤ ቦሌ ገብቶ ከተፈተሸ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔቱን በሮሚንግ እንዳይጠቀም ስልኩ ላይ ይዝጋው። የዛሬ ስልክ ባለቤቱ ተኝቶም ይሠራል። ከእኔ ጋር የነበረ አንድ መንገደኛ ሌሊቱን ኪሱ ውስጥ የተቀመጠው ስልክ ራሱን በራሱ ሲያድስ አድሮ፣ ጧት የሞላው ሂሳብ ባዶ ሆኖ አገኘው። ሰውየው አንድም ስልክ አልደወለም ነበር።

ለወራት ወይም ለዓመታት የሚሄድ ሰው ያለ ጥርጥር የደረሰበትን አገር ሲም ይግዛ። ናይሮቢ ስደርስ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ፓስፖርቴን አሳይቼ የሳፋሪኮም መስመር ገዛሁ፤ ሻዩንም ታክሲውንም በኤም ፔሳ ከፈልኩ። ኤም ፔሳ ኬንያ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የእኛው ቴሌ ብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲመጣ ነገሩ ለእኔ ያረጀ ዜና የሆነብኝ ለዚህ ነው። አሁን ታዲያ ሰዎች ይመጡና «ናይሮቢም ሳፋሪኮም፣ እዚህም ሳፋሪኮም፤ በአንዱ ሲም ሁለቱንም አገር አልጠቀምም?» ይሉኛል። ስም አንድ መሆኑ መስመሩን አንድ አያደርገውም። የኢትዮጵያው ሲም ኬንያ ውስጥ እንግዳ ነው፤ የኬንያውም እዚህ እንግዳ ነው። የአንድ አባት ልጆች ሆነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግብር እንደሚከፍሉ ወንድማማቾች ቁጠሯቸው።

የደረሱበት አገር ሲም ያለው ችግር ሁለት ነው። አንደኛው፣ በማን ስም እንደሚመዘገብ ነው። በጎብኚ ቪዛ የሄደ ሰው በፓስፖርቱ ያወጣል፤ በቤት ሠራተኝነት የሄደች ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ፓስፖርቷም መታወቂያዋም አሠሪዎቿ እጅ ነው። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም የሌላ ሰው ነው። ባለስሙ በፈለገ ቀን ያዘጋዋል። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። ሊባኖስ ውስጥ ለምሳሌ አስቀድሞ የሚሞላ መስመር የቀን ገደብ አለው፤ ሂሳብ ቢኖርበትም ቀኑ አልፎ ካልታደሰ ቁጥሩ ይሞታል። ደመወዟ ሁለት ወር የዘገየባት ልጅ ቁጥሯም አብሮ ይጠፋባታል። አገር ቤት ያለችው እናት ደግሞ በዚያ ቁጥር ደጋግማ እየደወለች በማታውቀው ቋንቋ የሚናገር ድምፅ ትሰማለች።

ሦስተኛው መንገድ ወጣቶቹ ሁሉ የሚወዱት ነው። «ጋሼ፣ ዋይፋይ ካለ ምን ችግር አለ?» ይሉኛል። ዋትስአፕ፣ ኢሞ፣ ቴሌግራም... የሰውን ፊት እያዩ በነፃ ማውራት! በእርግጥ ድንቅ ነገር ነው። እኛም አገር በሕግ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ይከለክል ነበር። ዛሬ ስንቱ እናት በኢሞ የልጅ ልጇን እያየች እልል ስትል፣ የዚያ ሕግ ነገር ተረት ይመስላል።

ነገር ግን ዱባይ ሄዶ ያላየ አያውቀውም። ዋትስአፑ ይከፈታል፣ መልእክቱ ይሄዳል፣ ፎቶግራፉ ይሄዳል፤ ልደውል ሲሉ ግን ይጮኻል እንጂ ድምፅ አይተላለፍም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እንዲህ ያለውን ጥሪ የምትፈቅደው ፈቃድ ላገኙት እንደ ቦቲም ላሉት ብቻ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያም ትከለክል ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አነሳችው። ስለዚህ ሪያድ ያለችው ልጅ የምታደርገውን ዱባይ ያለችው እህቷ አታደርገውም። ለሚሄዱ ልጆች ይህን የሚነግራቸው ሰው አላይም። ኤጀንሲው ስለ ደመወዝ ይነግራቸዋል፣ ስለ ምርመራ ይነግራቸዋል፤ እንዴት አድርገው ከእናታቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ግን የማንም ሥራ አይደለም።

ደግሞም በእኛ በኩል ያለውን እንዳንረሳ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋርጦ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን በቴሌግራም ሲልኩ መልእክቱ እንደታሰረ ቀረ። ያን ሰሞን መቱ ውስጥ ከማን ወሬ እንደተሰማ አስታውሳለሁ። ስማርት ስልክ ከያዙት አልነበረም። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙት እናቶች ናቸው፣ «ልጄ ከአሜሪካ ደውሎልኝ ሰላም ነኝ አልኩት» ይሉ የነበሩት። ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው የያዙ ልጆች ነበሯቸዋ!

አሁን ይህን ሁሉ ያስባለኝን ልንገራችሁ። የታላቅ እህቴ ልጅ በ2015 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ዱባይ ሄደች። እህቴ የምትኖረው ከሁሩሙ ወጣ ብሎ ቡና መሐል ነው። ስልኳ ባለ ቁልፍ ናት፤ ቀዩዋን ቁልፍና አረንጓዴዋን ቁልፍ ለይታ ታውቃለች፣ ሌላውን አትፈልገውም። ልጅቷ በሄደች የመጀመሪያው ወር ሁለቴ ከአሠሪዋ ስልክ ደወለች። ከዚያ ዝም አለች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር...

ዝምታ በእኛ አገር ባዶ ነገር አይደለም፤ ትርጉም አለው። መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ የምትደውል ልጅ መደወል ስታቆም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። እህቴ ሁለቱን ዶሮዎቿን ሸጣ ወደ መቱ መጣችና «ወንድምዓለም፣ ያወቅኸውን አትደብቀኝ» አለችኝ። የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ኤጀንሲው ጋ ደወልን፤ «ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት» አሉ። ሥራ ላይ ያለ ሰው እናቱን አይረሳም ብላ አላመነችም። እኔም አላመንኩም።

ማታ እራት በልተን ስንቀመጥ «እስቲ እትዬ፣ ስልክሽን አምጪው» አልኳት። ያልተነሱ ጥሪዎችን ስከፍት አሥራ አንድ ቁጥር ተደርድሯል። ሁሉም በ09 የሚጀምሩ የአገር ውስጥ ቁጥሮች፤ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። «እነዚህ እነማን ናቸው?» አልኳት።

«ሌቦች ናቸው» አለች ፍርጥም ብላ። «ለሎተሪ ደርሶሻል ብለው የጎረቤቴን ገንዘብ የበሉት እንዲህ ባለ ቁጥር ደውለው ነው። የማላውቀውን አላነሳም።»

ሰዓታቸውን አየሁት። ሁሉም እሑድ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ባለው ውስጥ ነው። ሌባ የዕረፍት ቀን አይመርጥም። ቁጥሮቹን እያንዳንዳቸውን ስደውል ወይ አይገኙም፣ ወይ ዝግ ናቸው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

ከውጭ አገር ወደ ኢትዮጵያ መደወል ከብዙ አገሮች ጋር ሲወዳደር ውድ ነው። ጥሪው አገር ሲገባ የሚከፈል የመቀበያ ዋጋ አለ። ይህን ዋጋ ለመሸሽ ጥሪውን በኢንተርኔት አምጥተው፣ አገር ውስጥ በተደበቀ፣ ብዙ ሲም ካርድ በተሰካበት ሣጥን አማካይነት እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አድርገው የሚለቁ ሰዎች አሉ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 761/2004 ከሚቀጣቸው አንዱ ይህን የመሰለ ሥራ ነው፤ ሣጥኖቹ በየጊዜው ሲያዙ በዜና እንሰማለን። ዜናው ሁልጊዜ መንግሥት ስላጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። የእህቴን የመሰለ ነገር ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ርካሽ የመደወያ ካርድ የገዛችው ልጅ ጥሪዋ በምን በኩል እንደሚያልፍ አታውቅም። እናቷ ስልክ ላይ የሚታየው የልጅዋ ቁጥር አይደለም፤ ከሣጥኑ ውስጥ አንዱ ሲም ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሌላው ይሆናል።

«እትዬ፣ በመጪው እሑድ በስምንት ሰዓት የሚመጣውን ሁሉ አንሺው» አልኳት። «ሌባ ቢሆን የምትሰጪው ገንዘብ የለሽ!»

እሑድ እኔም አብሬያት ዋልኩ። ስምንት ተኩል ሲሆን ስልኳ ጮኸች፤ የማይታወቅ የ09 ቁጥር። አነሳችው። መጀመሪያ ዝም አለ፤ በእነዚህ መስመሮች ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ድስት ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው «እማ... እማ...» የሚል መጣ። እህቴ ምንም አልመለሰችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ወር ሙሉ ስትደውል የማያነሳላት ሰው አጥታ፣ በእሷ በኩል ደግሞ እናቷ የሞተች መስሏት ስታለቅስ ከርማለች። በሁለቱም ጫፍ ለቅሶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት አበጀን። በልጅቷ ስልክ ሁለት ሲም ይገባል። በአንደኛው የኢትዮጵያው፣ በሁለተኛው የእዚያው አገር። እናት መናገር ሲፈልጉ በኢትዮጵያው ቁጥር አንዴ ያስጮኹና ይዘጉታል። ሮሚንጉ ክፍት ስለሆነ ይደርሳል፤ ካልተነሳ ደግሞ ገንዘብ የለበትም። ልጅቷ ሲመቻት በሌላው መልሳ ትደውላለች። እንግዲህ ሚስኮል የምንለው ነገር፣ ሰው የድሃ ዘዴ ብሎ የሚስቅበት፣ ባሕር ተሻግሮ አገለገለን። ልጅቷም ለጥቂት ሳንቲም ብላ ካርዱን መቀያየር ትታ፣ ሁልጊዜ ባይሆን እንኳ በወር አንዴ በራሷ መስመር በቀጥታ ትደውላለች። ያኔ ስልኩ ላይ +971 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ይወጣል። እህቴ ማንበብ አትችልም፤ የመደመር ምልክቷን ግን «መስቀሏ» ትላታለች። «መስቀሏ ያለባት ከሆነ ልጄ ናት» ብላ ታነሳዋለች።

የኢትዮጵያው ቁጥር ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ብዙ ልጆች ሲሄዱ ሲሙን ለታናሽ ወንድም ይሰጣሉ፤ ወይም መሳቢያ ውስጥ ይጥሉታል። እኔ አልስማማም። ዛሬ ቁጥር የስልክ ብቻ አይደለም። የባንክ ሂሳብ ሲከፈት የተመዘገበው እሱ ነው፤ ቴሌ ብሩ የቆመው በእሱ ላይ ነው፤ ቴሌግራም በአዲስ ስልክ ሲከፈት የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ሁለት ዓመት የተለፋበት ገንዘብ ቁልፉ የማይታወቅ ሰው ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ለወንድም የተሰጠ ሲምም ያው ቁልፍ ነው፤ ወንድም ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ቁልፍ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ይዛው ትሂድ፤ በየጊዜው ጥቂት ብር ይሞላበት፤ ይህን ከአገር ቤት ሆኖ መሙላት ለዘመድ ቀላል ነው። የእህቴን ልጅ የምሞላላት እኔ ነኝ። አምስት ብርም ትሁን አሥር፣ ትሞላለች።

ከዚህ ሁሉ የማይሸፈን አንድ ቀዳዳ አለ፤ ስልኩን ራሱን ይቀሟቸዋል። ሁሉም አሠሪ አይደለም፤ ብዙዎች ግን «ሥራ ታስፈታለች» ብለው ይወስዱታል። ባለፈው ዓመት ከመቱ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱ ሦስት ልጆች ቤቴ መጥተው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ጊጋውም ስለ ደቂቃውም ከተነጋገርን በኋላ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጡ አደረግሁና «የእናታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ንገሩኝ» አልኳቸው። ሦስቱም ዝም አሉ። ቁጥሩን ስልኩ ነበር የሚያውቀው፤ እነሱ የሚያውቁት «እማዬ» የሚለውን ብቻ ነበር። አንዷ እንዲያውም 0 ከዚያ 9 ብላ ጀምራ «ከዚያ በኋላ ጠፋኝ» አለችና ሳቀች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቡና እየጠጣን ቁጥር ስናስጠና ዋልን። ከ0 ይልቅ 251 ብለው እንዲጀምሩ፣ ከውጭ ስለሚደውሉ። አንደኛዋ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በጸሎት መጽሐፏ ሽፋን ውስጥ ሰፋችው፤ የኢትዮጵያውን ሲምም ከስልኩ አውጥታ በዚያው ወረቀት ጠቀለለችው። ቀፎውን ቢወስዱት ወረቀቱን የሚፈትሽ የለም አለች። ሌላዋ እንደ ዘፈን አድርጋ በዜማ ያዘችው። ሦስተኛዋ የእናቷን ቁጥር ይዛ ስታበቃ የእኔንም ጠየቀችኝ። «የእኔን ተዪው፤ በሞባይልሽ ላይ ይቀመጥ። በቃልሽ የምትይዢው አንድ ብቻ ይሁን» አልኳት።

የእህቴ ልጅ አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። እሑድ በስምንት ተኩል ትደውላለች፤ ክረምት ሲሆን መስመሩ ይቆራረጣል፤ እህቴም ዝናቡ እስኪያባራ ስልኳን በነጠላዋ ጠቅልላ በር ላይ ትቆማለች።